ቤተሰብ ይዞ ወደ አፋር በረሃ፦ ዝግጅቱ አዲስ አበባ ላይ ይለቅ

ጣውላዋ ከክንድ አትረዝምም። ወፍራም የባሕር ዛፍ ቁራጭ ናት፤ አንድ ጎኗን ግሪስ አጥቁሮታል። ቦታዋ የመኪናችን የኋላ ወንበር ሥር ነው።

ያገኘኋት ቤተሰቤን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋር የወረድኩ ጊዜ ነው። ከአስፋልት ወጥተን ብዙም ሳንርቅ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። አልደነገጥኩም። ክሪክ አለኝ፣ ስኮርታ ጎማ አለኝ፣ መፍቻ አለኝ። ክሪኩን ከሥር አስገብቼ ማዞር ጀመርኩ። መኪናው ንቅንቅ አላለም፤ ክሪኩ ነው አሸዋው ውስጥ የገባው። አውጥቼ ከሥሩ ድንጋይ አደረግሁ። ድንጋዩም አብሮ ገባ። ሰዓቱ ወደ ስድስት ተጠግቷል። ልጆቹ የመኪናው ጥላ ውስጥ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ጥላው ደግሞ እያጠረ ነው።

በስንት ጊዜ አንድ አይሱዙ መጣ። ሾፌሩ ወርዶ አየንና «ወንድሜ፣ ጣውላ ሳትይዝ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለኝ። ከጋቢናው አውጥቶ ሰጠኝ። ክሪኩን ጣውላው ላይ አቆምነው፤ በ10 ደቂቃ ጎማው ተቀየረ። ልመልስለት ስል «ያዘው፣ እኔ ሌላ አለኝ» ብሎ ሄደ።

እንዲህ ያለ ቁራጭ ሰፈሬ አራት ኪሎ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ሁሉ ወድቆ ይገኛል። እዚያ ግን በገንዘብም የለም። አዲስ አበባ ላይ የረሳችሁትን በረሃው ውስጥ አትገዙትም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ስለ ዝግጅት ነው።

መጀመሪያ ወሩንና ቦታውን ምረጡ

ከኅዳር እስከ ጥር። ከዚያ ውጪ ልጅ ይዞ አይወረድም። ዳሎል ላይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። አማካይ ሲባል ሌሊቱም ቀዝቃዛው ወርም ተደምሮ ነው። በሰኔና በሐምሌ ቀኑ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። ተማሪ ላለው ቤተሰብ የሚመቸው ከጥምቀት በኋላ ያለው የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ነው። ጊዜው ረመዳን ላይ ከዋለ ግን ሌላ ሳምንት ፈልጉ። ጾመኛ መሪ በሙቀት ይዞ መንከራተት ተገቢ አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በቂ ነው። ከከተማ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳላ የሚባለውን የዱር እንስሳ ታያላችሁ፤ በሰሜን በኩል ዘንባባ የከበበው ፍልውሃ አለ። ችግር ቢመጣ በግማሽ ቀን ቤታችሁ ናችሁ። ድንኳን የሚተከለው በተፈቀደ ቦታ ብቻ ስለሆነ በሩ ላይ ጠይቁ። ሁለተኛው ጉዞ ሰመራን አልፎ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ይሁን። ሰመራ 590 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ ያለው ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል በታች ነው።

ኤርታ አሌስ? ትንንሽ ልጆች ላለው ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ይቅር። ተራራው 613 ሜትር ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ግን የሚወጣው በጨለማ ነው፤ የረጋው ላቫ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል፤ ጋዙ ጉሮሮ ይዘጋል። ልጆቹ ሲያድጉ ይደርሱበታል።

ከዚያ ጠይቁ፣ ደጋግማችሁ ጠይቁ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። አፋር መሬቱ ራሱ አርፎ አይተኛም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተነሥቷል፤ ንዝረቱ እኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርታ አሌ በስተደቡብ ያለው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች ላይ ወረደ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም ሄደ። ስለዚህ ያለፈ ዓመት የሄደ ጓደኛችሁ የነገራችሁ መንገድ የዘንድሮ መንገድ ላይሆን ይችላል።

ጸጥታውም እንደዚያው ነው። በጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ላይ 5 የውጭ አገር ጎብኚዎች ተገድለዋል። ከመነሣታችሁ በፊት ሰመራ ወዳለው የክልሉ ቱሪዝም ቢሮ ደውላችሁ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ ምን ፈቃድና ጥበቃ እንደሚያስፈልግ እወቁ። አፋር የሆነ መሪ ያዙ። በእሱ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይነጋገራሉ፤ የዝናብ፣ የግጦሽ፣ የመንገድ፣ የሰው ወሬ ሁሉ እንዲህ ይተላለፋል። መሪያችሁ ከመኪና ወርዶ ከግመል ነጂ ጋር ሩብ ሰዓት ቢያወራ አታጣድፉት። ስለ መንገዳችሁ እየጠየቀላችሁ ነው።

ውሃ

ሒሳቡን እንዲህ ሥሩ። ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ አንድ ላይ ለአንድ ሰው በቀን 8 ሊትር። 5 ሰው ለ3 ቀን 120 ሊትር ነው። ለአንድ ተጨማሪ ቀን መጠባበቂያ 40 ሊትር ጨምሩ። 160 ሊትር፣ ማለትም 8 ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 160 ኪሎ እየጫናችሁ ነው። ለሁለት መኪና አካፍሉት። ሁሉንም አንዱ ላይ ከጫናችሁና ያ መኪና ቢገለበጥ ወይም ቢለያያችሁ ውሃውም አብሮ ሄደ።

ጀሪካኑን መርካቶ ምናለሽ ተራ ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ። ዘይት የነበረበት ከሆነ ይታጠባል፤ ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ትንሽ አሸዋ አድርጋችሁ በደንብ አናውጡት፤ ከዚያ የሎሚ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የሸተተውን ግን በርካሽም ቢሆን ተዉት። ከሞላችሁት በኋላ አንድ ሌሊት አጋድማችሁ ጋዜጣ ላይ አስተኙት። ጠዋት ጋዜጣው ከረጠበ ክዳኑ ያፈሳል ማለት ነው።

ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ የመነሻችሁን ቀን ከፈረቃው ጋር አስተያዩት። እኛ ቅዳሜ እንነሣለን ብለን ውሃው ከማክሰኞ ጀምሮ ጠፍቶ ያውቃል። አሁን ከአንድ ሳምንት በፊት እሞላለሁ፣ ለመነሻው ዋዜማ ከመጣ እለውጠዋለሁ።

ናፍጣ በቢጫ ጀሪካን አትያዙ። ልጅ በጨለማ ተነሥቶ ሊቀዳ ይችላል። ለነዳጅ የብረት ጀሪካን ነው የሚያስፈልገው፤ ቦታውም ጣሪያ ላይ ፖርቶመጋላው ነው፣ ከሰው ጋር ውስጥ አይጫንም። ማደያው በጀሪካን አልሞላም ሊል ስለሚችል ምን ወረቀት እንደሚፈልግ ቀድማችሁ ጠይቁ። አስፋልት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚበላ መኪና አሸዋ ላይ 20 ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ አስሉ።

መኪናው፣ ወይም መኪኖቹ

ሁለት መኪና። በአንድ መኪና ከአስፋልት አይወጣም፤ መኪናው አዲስ ይሁን አሮጌ ለውጥ የለውም። ሁለተኛ ቤተሰብ ካላገኛችሁ ሌላ ጊዜ ሂዱ።

ከ2 ሳምንት በፊት መካኒክ ጋ አስገቡት። ከ2 ቀን በፊት ካስገባችሁት የተቀየረው ዕቃ ጉድለቱን የሚያሳየው መንገድ ላይ ነው። የሚታየው ራዲያተሩና ቱቦዎቹ፣ ቺንጋው፣ ባትሪው፣ ፍሬኑ፣ ባልስትራው ነው። ቺንጋ አንድ መጠባበቂያ ሶማሌ ተራ ግዙ። አሮጌው ገና ደህና ከሆነ አዲሱን አስገብታችሁ አሮጌውን መጠባበቂያ አድርጉት። እንዲህ ካደረጋችሁ አዲሱ ልኩ መሆኑን እዚሁ ታረጋግጣላችሁ።

ስኮርታ ጎማ ለእያንዳንዱ መኪና ሁለት ይሁን። ስኮርታውን ንፋስ አስለኩት፤ ለዓመት ያልተነካ ስኮርታ ራሱ ተንፍሶ ይገኛል። ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት የሚሠራ ትንሽ የጎማ መንፊያና የንፋስ መለኪያ ያስፈልጋል። አካፋ፣ የናይለን መጎተቻ ገመድ፣ ሁለት አሮጌ ምንጣፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የጎማ መለጠፊያ። እና ጣውላ።

አንድ ነገር ደግሞ ሰፈራችሁ ያለውን ጎሚስታ ለምኑት። ቀዳዳ እንዴት እንደሚደፈን ያሳያችኋል። ከዚያ ራሳችሁ ሥሩት፣ እሱ ቆሞ ይይ። የእኔ ባለቤት ከእኔ ይልቅ ፈጥና ተማረች። አሁን መንገድ ላይ የእሷ ሥራ ነው።

ስንቅ

እንጀራ በዚያ ሙቀት ከሁለተኛው ቀን አያልፍም፤ ይሻግታል። ድርቆሽ ግን ወር ይቀመጣል። እናቴ እንጀራውን ቆራርጣ ሰፌድ ላይ ፀሐይ ታስመታዋለች፤ ስንሄድ አንድ ትልቅ ላስቲክ ሞልታ ትሰጠናለች። ማታ በቋንጣ ወጥ ስናርሰው ልጆቹ ከቤት ምግብ የበለጠ ይበሉታል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ተምር፣ ምጥን ሽሮ ያዙ። ትኩስ ሥጋ፣ ወተትና ማዮኔዝ ይቅሩ። እዚያ ምግብ ቶሎ እንደሚበስል እወቁ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አፍዴራ ላይ ግን 100 ይደርሳል። እዚህ የለመዳችሁትን ደቂቃ ከጠበቃችሁ ፓስታው ይፈርሳል።

ማብሰያው ትንሿ ቡታጋዝ ትሁን። የግራር እንጨት አትቁረጡ። ለእናንተ የአንድ ማታ እሳት ነው፤ ለእነሱ ጥላቸውና የፍየላቸው መኖ ነው።

ግቢ ውስጥ ልምምድ

ከመነሣታችሁ አንድ ሳምንት በፊት ድንኳኑን ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ትከሉ። በቀን አንዴ፣ በማታ አንዴ። የማታው መብራት አጥፍታችሁ በግንባር ባትሪ ብቻ ይሁን። መጀመሪያ የሞከርነው ቀን 50 ደቂቃ ፈጀብን፤ ካስማውም አንድ ጎደለ። ከሸራ ተራ ተጨማሪ ሸራና ገመድ ገዛን፤ ካስማውን ብረታ ብረት የሚበይድ ልጅ ረጅም አድርጎ ሠራልን። አሸዋ ላይ አጭር ካስማ አይዝም። በሦስተኛው 15 ደቂቃ ሆነ። ትንሿ ልጄ ካስማ መቁጠር ሥራዋ ነው፤ «አባዬ፣ 12 ሆኗል» ካላለችኝ ከረጢቱን አንዘጋም። ጎረቤቶች ዙሪያውን ቆመው ሲያዩ ነበር። የጎረቤት ልጆችም ከዚያ ወዲህ እንሂድ እያሉ ነው።

በዚያው ሳምንት ልጆቹን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰዷቸው። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚሆናት ሲሆን የተገኘችው በ1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ውስጥ ነው። ሚሌ ስትደርሱ «ያየናት እዚህ አካባቢ ነበረች» ስትሏቸው ፊታቸውን እዩ።

የመጨረሻው የቤት ሥራ ወረቀት ነው። የምትሄዱበት መንገድ፣ የመኪኖቹ ሰሌዳ፣ የመሪው ስልክ፣ ወደ ኔትወርክ የምትመለሱበት ቀንና ሰዓት። ለሚታመን ዘመድ ስጡት። «እሁድ ማታ 1 ሰዓት ካልደወልን መሪውን ፈልግ፣ ካጣኸው ለሰመራ ፖሊስ ደውል» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ ጫኑ።

መንገድ ላይ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ። የአዳማን ፈጣን መንገድ ሳይጨናነቅ ታልፋላችሁ። ከአዋሽ በኋላ የጂቡቲ መስመር ስለሆነ ተሳቢው ብዙ ነው። ለመቅደም አትቸኩሉ። በዚያ መስመር ደግሞ በጨለማ ፈጽሞ አትንዱ። ግመል አስፋልት ላይ ይተኛል፤ መብራታችሁ ሲያገኘው ፍሬን ለመያዝ ረፍዷል።

ልጆቹን የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ላይ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ስጧቸው። ቁልቁል በወረዳችሁ ቁጥር ጎኑ እየገባ ይሄዳል። አዋሽ ስትደርሱ ጭምድድ ብሏል። ከ2,300 ሜትር በላይ የነበረው ስስ አየር ነው፣ የታችኛው ከባድ አየር የጨመቀው። ልጄ ጠርሙሱን አልጥልም ብላ ቤት መልሳዋለች፤ አራት ኪሎ ሲደርስ ተመልሶ ቀና አለ።

ገዋኔ አካባቢ ከመንገድ ዳር የሚታየው አረንጓዴ ጫካ አያታላችሁ። አብዛኛው ፕሮሶፒስ የሚባል ወራሪ ዛፍ ነው፤ እሾሁ ጎማ ይበሳል። ጥላ ነው ብላችሁ መኪና አታስገቡበት።

አሸዋ ላይ ስትደርሱ

ከመግባታችሁ በፊት ቁሙ። ንፋስ ቀንሱ። በፒኤስአይ መለኪያ ከ35 ወይም 40 ወደ 18 ወይም 20 አውርዱት። ከ15 በታች ግን ጎማው ከቸርኬው ይወጣል። ፎር ዊሉን አስገቡ። ፍጥነታችሁ እኩል ይሁን፤ ፍሬን በኃይል አትያዙ። ጎማ በቦታው መሽከርከር ከጀመረ ወዲያው እግራችሁን ከነዳጅ አንሡ። ተጨማሪ ጋዝ ጉድጓዱን ያጠልቀዋል እንጂ አያወጣም። ሁሉም ሰው ይውረድ፣ ከጎማው ፊት አሸዋውን በአካፋ ጥረጉ፣ ምንጣፉን አስገቡ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ላቫ ድንጋይ ላይ ሲሆን ንፋሱ እንደዚያ ዝቅ አይበል፤ የጎማው ጎን ይቆረጣል። አስፋልት ከመመለሳችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉ።

ሰፈር

ቦታ ፍለጋው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይለቅ። መሪያችሁ ያሳያችሁ ቦታ ላይ ስፈሩ፤ ባለቤት የሌለው የሚመስለው መሬት ባለቤት አለው። ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትስፈሩ። አሸዋው ለስላሳ ስለሆነ ያጓጓል። ግን ወሎ ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በሌሊት ደራሽ ሆኖ ይመጣል።

አዋሽ አካባቢ ወባ አለ፤ አጎበር አይቅር። ጫማ ጠዋት ሳይራገፍ አይደረግም፤ ጊንጥ ይገባበታል። ለመጸዳጃ ከሰፈሩ ራቅ ብላችሁ ሁለት ስንዝር ቆፍሩ። ቆሻሻውን በሙሉ ይዛችሁ ተመለሱ። ሌሊት ለመልበስ ጋቢ ይበቃል።

ልጆቹና ሙቀቱ

ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ነን። በእኛ ቤተሰብ ይህ አይለወጥም። ልጅ ጠምቶኛል እስኪል አይጠበቅም፤ በየግማሽ ሰዓቱ ይጠጣል። ሽንቱ ጠቁር ያለ ቢጫ ከሆነ ወይም ካልሸና ውሃ አንሶታል። ከፋርማሲ ኦአርኤስ ያዙ። ካለቀ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው አታብዙ።

ልጁ ግራ ከተጋባ፣ ከዘባረቀ፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ ግን ይህ ሌላ ነገር ነው። ወዲያው ጥላ፣ ልብሱን አውልቁ፣ ሰውነቱን በሙሉ ውሃ አርከፍክፉበት፣ አራግቡለት። በደንብ ካልነቃ በአፉ ምንም አትስጡት። እያቀዘቀዛችሁ ወደ ሆስፒታል ንዱ። መጠባበቂያ ውሃ ከያዝንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኼ ነው።

እያንዳንዱ ልጅ አንገቱ ላይ ፊሽካ ይሰር። ከጠፋ አይሄድም። ጥላ ፈልጎ ይቀመጥና 3 ጊዜ ይነፋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ 3 ጊዜ። ይህንም ግቢ ውስጥ ነው የተለማመድነው።

ስትመለሱ

በማግስቱ መኪናውን ከሥሩ አሳጥቡት። የአፍዴራ ጨው ብረት ይበላል። ጎሚስታው ጎማዎቹን አውልቆ እሾህ ይፈልግ፤ እኛ አንዴ ከተመለስን ከሳምንት በኋላ ስታዲየም ጋ ነው የተነፈሰብን። ድንኳኑን ጣሪያ ላይ ዘርጉት፣ ካስማዎቹን ቁጠሩ። ጀሪካኖቹን አጥባችሁ ክዳናቸውን ከፍታችሁ አድርቁ። ዕቃውን ሁሉ አውርዱ። ጣውላዋን ግን ከወንበሩ ሥር አታውጧት።